ረጅሙ የውድድር ዘመን እና አጭሩ ወር፦ የአሜሪካ ቤዝቦል ጥሎ ማለፍ ምን ይለካል?

ሜጀር ሊግ ቤዝቦል በሚል ስም የሚታወቀው የአሜሪካ ዋና የቤዝቦል ሊግ 30 ክለቦቹን ከማርች መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር ማብቂያ እያንዳንዳቸውን 162 ጊዜ ያጫውትና፣ ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ 12ቱን ብቻ አስቀርቶ አንድ ወር ገደማ በሚፈጅ የጥሎ ማለፍ ውድድር ሻምፒዮኑን ይለያል። የእግር ኳስ ሊግን ለለመደ አንባቢ አሠራሩ እንግዳ ነው፤ በእግር ኳስ የሊጉ ዋንጫ በደረጃ ሠንጠረዡ አናት ላይ ለጨረሰው ክለብ የሚሰጥ ሲሆን፣ ጥሎ ማለፉ የራሱ ዋንጫ ያለው ሌላ ውድድር ነው። በአሜሪካ ቤዝቦል ግን ሠንጠረዡ የሚያስገኘው የመግቢያ መብትና ጥቂት ጥቅም ብቻ ነው፤ በታሪክ መዝገብ ላይ የሚሰፍረው ስም የኦክቶበርን የመጨረሻ ጨዋታ ያሸነፈው ክለብ ስም ነው።

ይህ አሠራር ምን ዓይነት ውጤት ሊያስከትል እንደሚችል ለመረዳት የሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ከ2022 እስከ 2025 ያለፈበትን መንገድ መከተል ይበቃል (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ክለቡ በ2022 በታሪኩ ከፍተኛ የሆነውን 111 ድል አስመዝግቦ ወደ ጥሎ ማለፉ ቢገባም፣ በዚያው ዓመት 89 ጊዜ ብቻ ባሸነፈው በሳን ዲዬጎ ፓድሬስ 3 ለ 1 ተሸንፎ በመጀመሪያው ፍልሚያው ተሰናበተ፤ ሁለቱ ክለቦች በመደበኛው የውድድር ዘመን 19 ጊዜ ተገናኝተው 14ቱን የወሰደው ዶጀርስ እንደነበረ ማስታወስ ተገቢ ነው። በ2023 መቶ ጊዜ ካሸነፈ በኋላ 84 ድል ብቻ በነበረው በአሪዞና ዳይመንድባክስ 3 ለ 0 ተጠርጎ ወጣ። በ2024 ድሎቹ ወደ 98 ወረዱ፤ በዚያ ዓመት ግን ኒው ዮርክ ያንኪስን 4 ለ 1 አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። በ2025 ድሎቹ ይበልጥ ወርደው 93 ላይ ሲቆሙ፣ ክለቡ የቶሮንቶ ብሉ ጄይስን 4 ለ 3 ረትቶ ዋንጫውን ደገመው፤ ይህም ያንኪስ ከ1998 እስከ 2000 በተከታታይ ካሸነፈ ወዲህ ማንም ያልደረሰበት ነው። የመደበኛው ዘመን ድል በየዓመቱ ሲቀንስ የኦክቶበሩ ውጤት ደግሞ እየተሻለ መጣ ማለት ነው።

ከዚህ ተነሥተው ጥሎ ማለፉ ዕጣ ከማውጣት አይለይም የሚሉ አሉ፤ ዶጀርስ ከሁለት ውድቀት በኋላ የኦክቶበርን ምሥጢር ደርሶበታል የሚሉም አሉ። ሁለቱም አባባሎች ከፊል እውነት ቢኖራቸውም ዋናውን ነገር ይስቱታል። ለረጅሙ የውድድር ዘመን ምን ያህል ክብደት እንደሚሰጠው የሚወስነው ከሁሉ በፊት የውድድሩ አወቃቀር ነው፤ አወቃቀሩን ደግሞ የሚቀርጸው ሊጉ ራሱ ሲሆን፣ ላለፉት ሃምሳ ዓመታት ደንቡን በከፈተ ቁጥር ማለት ይቻላል ይህን ክብደት እያቃለለ መጥቷል።

እስከ 1968 ድረስ ነገሩ ቀላል ነበር። አሜሪካን ሊግ እና ናሽናል ሊግ የተባሉት ሁለት ክፍሎች በመጨረሻ አሥር አሥር ክለቦች ነበሯቸው፤ በየሊጉ ብዙ ጨዋታ ያሸነፈው ክለብ በቀጥታ ወርልድ ሲሪስ ወደሚባለው የፍጻሜ ፍልሚያ ይገባል፣ ከሃያ ክለቦችም ሁለቱ ብቻ ኦክቶበርን ያያሉ። በ1969 ክለቦቹ 24 ሲደርሱ እያንዳንዱ ሊግ ዲቪዥን በሚባሉ ሁለት ምድቦች ተከፈለና የምድብ አሸናፊዎቹ ለሊጉ ዋንጫ እንዲፋለሙ ተደረገ። ቀጣዩ ለውጥ ለ1994 ታስቦ ነበር፤ በዚያ ዓመት ተጫዋቾች ሥራ በማቆማቸው ወርልድ ሲሪሱ ራሱ ስለተሰረዘ ግን በጥሎ ማለፍ የታየው በ1995 ነው፤ ምድቦቹ በየሊጉ ሦስት ሆኑ፣ ምድቡን ሳያሸንፍ ጥሩ ውጤት ያመጣ አንድ ክለብም ዋይልድ ካርድ በሚል የማሟያ ቦታ እንዲገባ ተፈቀደለት። በ2012 ሁለተኛ የማሟያ ቦታ ተጨምሮ ሁለቱ ዋይልድ ካርዶች በአንድ ጨዋታ ብቻ እንዲለያዩ ተወሰነ። በመጨረሻም የክለብ ባለቤቶች ተጫዋቾችን ከሥራ ባገዱበትና 99 ቀን በፈጀው ውዝግብ ማብቂያ ላይ፣ በማርች 2022 በተደረሰው ስምምነት የተሳታፊዎቹ ቁጥር ወደ 12 ከፍ አለ። ከአሥር አንዱ ብቻ ይገባበት የነበረው ውድድር ከአሥር አራቱ የሚገቡበት ሆነ።

አሁን ያለው አወቃቀር እንዲህ ነው። በየሊጉ ስድስት ክለቦች ይገባሉ፤ ሦስቱ የምድብ አሸናፊዎች፣ ሦስቱ ዋይልድ ካርዶች ናቸው። ከምድብ አሸናፊዎቹ የተሻለ ውጤት ያላቸው ሁለቱ የመጀመሪያውን ዙር ሳይጫወቱ ያልፋሉ። የቀሩት አራቱ ከሦስት ጨዋታ ሁለቱን ቀድሞ ያሸነፈ በሚያልፍበት አጭር ፍልሚያ ይገናኛሉ፣ ጨዋታዎቹም በሙሉ የሚካሄዱት የተሻለ ደረጃ ባለው ክለብ ሜዳ ነው። ከዚያ በኋላ ከአምስት ሦስት የሚያሸንፍ የሚያልፍበት የዲቪዥን ፍልሚያ፣ ከሰባት አራት የሚያሸንፍ የሚያልፍበት የሊግ ሻምፒዮና እና በተመሳሳይ ርዝመት የሚካሄደው ወርልድ ሲሪስ ይከተላሉ። አወቃቀሩ ከቀድሞው በሁሉም ነገር የከፋ ነው ማለት ግን ትክክል አይሆንም። በ2021 የሳን ፍራንሲስኮ ጃይንትስ 107፣ ዶጀርስ 106 ጊዜ ሲያሸንፉ ሁለቱ በአንድ ምድብ ስለነበሩ፣ 106 ጊዜ ያሸነፈው ክለብ ዓመቱን በሙሉ በአንድ ምሽት ላይ አስይዞ ከሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ጋር ለመጫወት ተገድዶ ነበር፤ እንዲህ ዓይነቱን ክለብ የዛሬው ደንብ ቢያንስ ሁለተኛ ዕድል አይነፍገውም።

የነገሩ ሥር ያለው በቤዝቦል ጠባይ ውስጥ ነው። በዚህ ጨዋታ በምርጥና በመካከለኛ ክለብ መካከል ያለው ልዩነት በአንድ ቀን ውስጥ ብዙም አይታይም፤ በ2022 ከሁሉ የላቀው ዶጀርስ እንኳ 51 ጊዜ ተሸንፏል። ልዩነቱ ጎልቶ እንዲወጣ ጨዋታው መደጋገም አለበት፤ 162 ጨዋታ የሚካሄደውም በከፊል ለዚሁ ነው። ለጥሎ ማለፍ ከበቁ ሌሎች ጠንካራ ክለቦች ጋር መቶ ጊዜ ቢገናኝ 55ቱን የሚያሸንፍ አንድ ክለብ ቢታሰብ፣ ይህ በማንኛውም መለኪያ ከተፎካካሪዎቹ የሚበልጥ ክለብ ነው። ሆኖም ይህ ክለብ የሦስት ጨዋታን ፍልሚያ የማሸነፍ ዕድሉ ከመቶ 57 ተኩል ገደማ፣ የአምስቱን 59፣ የሰባቱን ደግሞ 61 ገደማ ብቻ ነው። ፍልሚያው ከሦስት ወደ ሰባት ሲረዝም የተሻለው ክለብ የሚያገኘው ጭማሪ ከመቶ አራት እንኳ አይሞላም ማለት ነው፤ ብዙዎች ፍትሕ የሚጠብቁት ፍልሚያውን ከማስረዘም ቢሆንም ስሌቱ ያን ያህል ተስፋ አይሰጥም። የመጀመሪያውን ዙር ሳይጫወት ያለፈው ይኸው ክለብ ሦስቱን ፍልሚያዎች በተከታታይ የማሸነፍ ዕድሉ 22 ከመቶ ሲሆን፣ አራቱንም ዙር መጫወት ካለበት ወደ 13 ይወርዳል። የብልጫው መጠን ወደ 60 ከመቶ ቢያድግ እንኳ፣ ይህም በ162 ጨዋታ ሲሰላ 97 ድል እንደማለት ነው፣ ክለቡ ሻምፒዮን የሚሆነው ከሦስት ዓመት በአንዱ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ በሊጉ ታሪክ ከፍተኛ ከሆነው 116 ድል ላይ የደረሱት ሁለት ክለቦች፣ የ1906ቱ ቺካጎ ካብስ እና የ2001ዱ ሲያትል ማሪነርስ፣ ሁለቱም ሻምፒዮን ሳይሆኑ መቅረታቸው ሊያስደንቅ አይገባም።

ይህ ስሌት ባለፉት ዓመታት ብዙ ያነጋገረውን አንድ ቅሬታም ለመመዘን ይጠቅማል። የመጀመሪያውን ዙር ሳይጫወቱ የሚያልፉት ክለቦች አምስት ቀን ያህል ያለ ጨዋታ ስለሚቆዩ እጃቸው ይፈታል፣ መቺዎቻቸውም የፈጣን ኳስ ልማድ ይጠፋባቸዋል፣ ዕረፍቱ ሽልማት መሆኑ ቀርቶ ቅጣት ሆኗል የሚለው ነው ቅሬታው። በ2022 111 እና 101 ጊዜ ያሸነፉት ዶጀርስና አትላንታ ብሬቭስ፣ በ2023 ደግሞ 104 ጊዜ ያሸነፈው ብሬቭስ፣ 101 ጊዜ ያሸነፈው ባልቲሞር ኦሪዮልስ እና ዶጀርስ ከዕረፍት ተመልሰው ወዲያው በመሰናበታቸው ቅሬታው እጅግ ተጋግሎ ነበር። ከ2022 እስከ 2025 ያሉት አራት ዓመታት አንድ ላይ ሲታዩ ግን ሥዕሉ ይለወጣል፤ ዐርፈው ከገቡት 16 ክለቦች ዘጠኙ የዲቪዥን ፍልሚያቸውን አሸንፈዋል፣ ሰባቱ ተሸንፈዋል። 55 ከመቶ የሚያሸንፍ ክለብ በአምስት ጨዋታ ፍልሚያ ከ16 ዘጠኝ ወይም አሥር ጊዜ ያልፋል ተብሎ ስለሚጠበቅ፣ የታየው ውጤት ዕረፍት ባይኖርም ሊታይ ይችል የነበረው ነው። ሁለት መጥፎ ዓመታት ተከታትለው መጡ፣ ሰዎችም ምክንያት ፈለጉላቸው። በዕረፍቱ ላይ የሚቀርበው ክስ ማስረጃ ያጥረዋል፤ ሊነገር የሚገባው ቅሬታ ይልቅ ዕረፍት ብቻውን ለ162 ጨዋታ ልፋት የሚበቃ ዋጋ አለመሆኑ ነው።

ዕድል ሁሉን ይገልጻል ማለት ግን ሌላው ስሕተት ነው፤ ኦክቶበር የራሱ የሆነ የጨዋታ ዓይነት አለውና። አንድ የቤዝቦል ጨዋታ ኢኒንግ በሚባሉ ዘጠኝ ዙሮች ይከፈላል፣ በእያንዳንዱ ኢኒንግ ሁለቱም ክለቦች ተራ በተራ ይመታሉ፣ የጨዋታውም ቁልፍ ያለው በኳስ ወርዋሪው እጅ ነው። ክንድ ስለሚደክም ጨዋታውን የሚጀምረው መነሻ ወርዋሪ በመደበኛው ዘመን በአምስት ወይም በስድስት ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ይወረውራል፣ ስለሆነም አንድ ክለብ ቢያንስ አምስት መነሻ ወርዋሪዎችና በእነሱ እግር የሚተኩ ብዙ ክንዶች ያስፈልጉታል። በኦክቶበር በጨዋታዎቹ መካከል የዕረፍት ቀናት ስለሚገቡና ከዚያ በኋላ የሚቆጠብለት ነገር ስለሌለ ሦስትና አራት ብርቱ ወርዋሪዎች ይበቃሉ፤ አምስተኛውና ስድስተኛው ከነጭራሹ ላይታዩ ይችላሉ። ስለዚህ የረጅሙ ዘመን ሠንጠረዥ የሚለካው የክለቡን ስፋት ሲሆን ጥሎ ማለፉ የሚፈትነው የጫፉን ስለት ነው።

የ2025ቱ ዶጀርስ ለዚህ ዋና ምሳሌ ነው። ብሌክ ስኔል በጉዳት ምክንያት በመደበኛው ዘመን የጀመረው 11 ጨዋታ፣ ታይለር ግላስኖው ደግሞ 18 ብቻ ነበር፤ ሾሄይ ኦታኒ ከክርን ቀዶ ሕክምና በኋላ ወደ ውርወራ የተመለሰው በዓመቱ አጋማሽ ሲሆን ለብዙ ሳምንታት የሚወረውረው ጥቂት ኢኒንግ ብቻ ነበር። 93ቱ ድሎች የተመዘገቡት እነዚህ ሰዎች ባልተሟሉበት ክለብ ነው። ኦክቶበር ሲደርስ ግን ሦስቱም ጤነኞች ሆነው ዓመቱን ሙሉ ከወረወረው ከዮሺኖቡ ያማሞቶ ጋር ተሰለፉ፣ መነሻ የነበረው ወጣቱ ሮኪ ሳሳኪም የጨዋታ መዝጊያ ሆኖ ተመደበ። በሊጉ ትልቁን የ97 ድል ውጤት የያዘው ሚልዋኪ ብሩወርስ በሊጉ ሻምፒዮና 4 ለ 0 የተረታው በዚህ አዲስ ክለብ ነበር፤ በአራተኛው ጨዋታ ኦታኒ ስድስት ኢኒንግ ያለ ነጥብ ወርውሮ አሥር መቺዎችን ያስወጣበት፣ በዚያው ምሽትም ኳሷን ሦስት ጊዜ ከአጥር ያሻገረበት ነው። በዚህ ዓይን ሲታይ የ93 ድሉ ክለብ ሻምፒዮን መሆን እንደ 84 ድሉ የአሪዞና ጉዞ ዓይነት ድንገቴ አይደለም፤ ሠንጠረዡ የለካው ክለብና ኦክቶበር ላይ የተሰለፈው ክለብ በስም እንጂ በሰው አንድ አልነበሩም።

ይህም ሆኖ ዕድል የሚጫወተው ሚና ምን ያህል ጠባብ በሆነ ቦታ እንደሚወሰን የዚያው ዓመት ሰባተኛ ጨዋታ ያሳያል። ኖቬምበር 1 ቀን 2025 በቶሮንቶ በተደረገው በዚህ ጨዋታ ብሉ ጄይስ በዘጠነኛው ኢኒንግ 4 ለ 3 እየመራ ዋንጫውን ለማንሣት ሁለት መቺ ብቻ ማስወጣት ሲቀረው፣ በዶጀርስ የመቺዎች ተራ መጨረሻ ላይ የተመደበውና በኃይለኛ ምት የማይታወቀው ሚጌል ሮሃስ የጄፍ ሆፍማንን ኳስ ከአጥር አሻግሮ ነጥቡን እኩል አደረገ። በዚያው ኢኒንግ ሁለተኛ አጋማሽ ብሉ ጄይስ ሦስቱንም ቤዝ፣ ማለትም ሯጮች ወደ ነጥብ ሲያመሩ የሚያርፉባቸውን ማዕዘኖች፣ በሰው ሞልቶ ተራውን አገኘ፤ መሬት ለመሬት የሄደችውን ኳስ ራሱ ሮሃስ እየተንገዳገደ አንሥቶ ሯጮች ነጥብ ወደሚያስቆጥሩበት መነሻ ሰሌዳ ወረወረ፣ የዶጀርሱ ኳስ ቀላቢ ዊል ስሚዝ እግሩን ሰሌዳው ላይ መልሶ ያሳረፈውም ሯጩ አይዛያ ካይነር-ፋሌፋ ከመድረሱ በዓይን ጥቅሻ በሚለካ ጊዜ ቀድሞ ነው። ሯጩ ከሦስተኛው ቤዝ አንድ እርምጃ ብቻ ርቆ ቢቆም ኖሮ የ2025 ሻምፒዮን ቶሮንቶ ይሆን እንደነበር መገመት አያዳግትም። በአሥራ አንደኛው ኢኒንግ ስሚዝ ራሱ ኳሷን ከአጥር አሻግሮ 5 ለ 4 አደረገው፤ በዋዜማው 96 ኳስ የወረወረው ያማሞቶም ያለ ዕረፍት ተመልሶ ጨዋታውን ዘጋ። በዚያ ምሽት አራቱም የዶጀርስ መነሻ ወርዋሪዎች፣ ኦታኒ፣ ግላስኖው፣ ስኔል እና ያማሞቶ፣ በየተራቸው ሜዳ ገብተዋል፤ በመደበኛው ዘመን እንዲህ ያለ ነገር የሚያደርግ አሠልጣኝ ከሥራው ይባረራል። ችሎታና ዝግጅት ክለቡን እስከዚያ ምሽት አድርሰውታል፣ የመጨረሻዋን ስንዝር ግን እነሱ ብቻ አልለኩም።

የ2024ቱ ዋንጫም ቢሆን ከዚህ አይለይም። በዚያ ዓመት ዶጀርስ በዲቪዥን ፍልሚያው ከፓድሬስ ጋር ተገናኝቶ 2 ለ 1 ሲበለጥ፣ ለሦስተኛ ተከታታይ ዓመት በመጀመሪያ ፍልሚያው ለመሰናበት አንድ ጨዋታ ቀርቶት ነበር። በአራተኛው ጨዋታ መነሻ የሚሆን ጤነኛ ወርዋሪ ስላልነበረው ተተኪዎቹን እየቀያየረ 8 ለ 0 አሸነፈ፣ በአምስተኛውም 2 ለ 0። እነዚያ ሁለት ምሽቶች በሌላ መልክ ቢያልፉ ኖሮ፣ ዛሬ ክለቡ የኦክቶበርን ምሥጢር አወቀ የሚሉት ተንታኞች ክለቡ በኦክቶበር ይርዳል ብለው በጻፉ ነበር።

ሊጉ ይህን ሁሉ እያወቀ አወቃቀሩን ያሰፋበት ምክንያት ምሥጢር አይደለም። የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ለቴሌቪዥን ጣቢያ ከመደበኛው ጨዋታ እጅግ የላቀ ዋጋ አለው፤ በ2022 የተጨመረው የመጀመሪያ ዙርም በቀጥታ ወደ ገበያ የወጣ ሸቀጥ ነበር። የሜዳው ተመልካችም ቢሆን ከመስፋቱ የሚያገኘው ጥቅም እውነተኛ ነው። በ2024 ዲትሮይት ታይገርስ በጁላይ መጨረሻ ተስፋ ቆርጦ ምርጥ ወርዋሪዎቹ ከሆኑት አንዱን ጃክ ፍላሄርቲን ለዶጀርስ ካስተላለፈ በኋላ ድንገት ተነሥቶ በ86 ድል ጥሎ ማለፉ ውስጥ ገባ፣ ምድቡን ያሸነፈውን ሂውስተን አስትሮስንም 2 ለ 0 አስወጣ። አንድ ዋይልድ ካርድ ብቻ በነበረበት ደንብ የዲትሮይት ሴፕቴምበር ባዶ በሆነ ነበር። በርካታ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በዋሽንግተንም የ2019 ወርልድ ሲሪስ የመጣው በዚሁ የማሟያ በር ነው፤ ናሽናልስ በመጀመሪያዎቹ 50 ጨዋታዎች 31 ጊዜ ተሸንፎ ከጀመረበት ዓመት በዋይልድ ካርድ ገብቶ፣ 106 ጊዜ ያሸነፈውን ዶጀርስና 107 ጊዜ ያሸነፈውን አስትሮስ ጥሎ ዋንጫውን ወስዷል። እንዲህ ያለ ታሪክ የሚፈጥር አሠራርን ሙሉ በሙሉ መኮነን የሚከብድ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው አወቃቀሩ የክለብ ባለቤቶችን ስሌት ሲለውጥ ነው። የ2023ቱ አሪዞና በመደበኛው ዘመን 746 ነጥብ አስቆጥሮ 761 ተቆጥሮበታል፤ በሌላ አባባል ካገባው የገባበት የሚበልጥ ክለብ እስከ ወርልድ ሲሪስ ደረሰ። በዚያ የገጠመው ቴክሳስ ሬንጀርስም በ90 ድል በዋይልድ ካርድ የገባ ነበር። ይህን ያየ ባለቤት 85 ጊዜ ለማሸነፍ የሚበቃ ገንዘብ አውጥቶ የቀረውን ለኦክቶበር መተው እንደሚሻለው ቢያስብ ስሕተቱ የእሱ ሳይሆን የደንቡ ነው፤ ከ85 ወደ 100 ድል የሚወስደው መንገድ እጅግ ውድ ሲሆን በመጨረሻው ዋንጫ ላይ የሚያስገኘው ጥቅም ግን አነስተኛ ነውና። ዶጀርስ በተቃራኒው ገንዘቡን ያለ ስስት ማፍሰሱ ይህን አመክንዮ አያፈርሰውም፤ አብዛኞቹ ክለቦች የእሱ ዓይነት ገቢ የላቸውም።

ተመሳሳይ ጥያቄ የገጠማቸው የእስያ ሊጎች የመረጡት መፍትሔ የተለየ ነው። በጃፓን ሁለቱ ሊጎች ስድስት ስድስት ክለብ ሲኖራቸው፣ ከ2007 ጀምሮ በሁለቱም ክላይማክስ ሲሪስ በሚባለው ጥሎ ማለፍ ከየሊጉ ሦስት ክለቦች ይሳተፋሉ። ሁለተኛና ሦስተኛ የወጡት ተፋልመው አሸናፊው አንደኛውን ሲገጥም፣ አንደኛው ክለብ ገና ኳስ ሳይወረወር 1 ለ 0 እየመራ ይጀምራል፣ ጨዋታዎቹም በሙሉ በእሱ ሜዳ ይካሄዳሉ። ያ 55 ከመቶ የሚያሸንፈው ክለብ እንዲህ ባለ ፍልሚያ የማለፍ ዕድሉ ወደ 74 ተኩል ይደርሳል፤ ይህ ፍልሚያውን በማስረዘም ፈጽሞ የማይገኝ ልዩነት ነው። ከዚህም በላይ የሊጉ ሻምፒዮንነት የሚረጋገጠው በመደበኛው ዘመን ስለሆነ በክላይማክስ ሲሪስ የተሸነፈው አንደኛ ክለብ የሊግ ዋንጫውን አይነጠቅም። በኮሪያ ደግሞ አሠራሩ እንደ መሰላል ነው፤ አምስተኛው አራተኛውን፣ ያሸነፈው ሦስተኛውን፣ ከዚያም ሁለተኛውን እየገጠመ ይወጣል፣ አንደኛ የወጣው ክለብ በቀጥታ በፍጻሜው ይጠብቃል። አምስተኛው ክለብ አራተኛውን ለማሸነፍ ሁለት ጨዋታ ሲያስፈልገው ለአራተኛው አንድ ይበቃዋል፤ ደንቡ ከወጣ ከ2015 ጀምሮ አምስተኛ የወጣ ክለብ ይህን መሰናክል ያለፈው ለመጀመሪያ ጊዜ በ2024 ሲሆን እሱም ኬቲ ዊዝ ነው።

እነዚህ አሠራሮች ድንገቴን አያጠፉም። በ2024 በጃፓን ሴንትራል ሊግ ሦስተኛ የወጣው፣ 71 ጊዜ አሸንፎ 69 ጊዜ የተሸነፈው የዮኮሃማ ቤይስታርስ ሀንሺን ታይገርስን፣ ከዚያም ያን የአንድ ድል ብልጫ የያዘውን ዮሚዩሪ ጃይንትስን አልፎ፣ በፍጻሜው 91 ጊዜ ያሸነፈውን ሶፍትባንክ ሆክስን 4 ለ 2 ረትቷል። ልዩነቱ ዮኮሃማ ያን ለማድረግ ከአሪዞና የበለጠ አቀበት መውጣት የነበረበት መሆኑ ነው፤ ድንገቴው ተፈቅዷል፣ ዋጋው ግን ተወዷል።

የአሜሪካው ሊግ ይህን መንገድ ለመከተል የሚያግደው የቴክኒክ ችግር የለም። በዲቪዥን ፍልሚያው ብቻ ዐርፎ ለሚገባው ክለብ አንድ ድል በቅድሚያ ቢሰጠው፣ ዙሩን የማለፍ ዕድሉ ከ59 ወደ 76 ከመቶ፣ የዋንጫ ዕድሉም ከ22 ወደ 28 ከመቶ ከፍ ይላል። እርምጃው የሚጠይቀው ዋጋ ከየፍልሚያው አንድ ጨዋታን መሠዋት ነው፤ እዚያ ላይ ነው ሐሳቡ ከቴሌቪዥን ውሉ ጋር የሚጋጨው። ከአሜሪካ የስፖርት ባሕል አንጻርም ያልተደረገ ጨዋታን እንደ ድል መቁጠር ባዕድ ነገር ነው የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ይህ ተቃውሞ ግን 162 የተደረጉ ጨዋታዎች ኦክቶበር ላይ እንዳልተደረጉ ሲቆጠሩ ዝም የሚል ስለሆነ ብዙ ክብደት የሚሰጠው አይደለም።

በባለቤቶቹና በተጫዋቾቹ ማኅበር መካከል ያለው የ2022ቱ ስምምነት የሚያበቃበት ቀን ዲሴምበር 1 ቀን 2026 ነው። ባለቤቶቹ በ2022ቱ ድርድር የፈለጉት 12 ሳይሆን 14 ክለቦችን ነበር፤ ማኅበሩ ያን ያህል መስፋት ክለቦች ለተጫዋቾች ደሞዝ የሚያወጡትን ገንዘብ ያቀዘቅዛል በሚል ስጋት ተቃውሞ 12 ላይ ተስማሙ። ሰባት ሰባት ክለቦች ከየሊጉ ቢገቡ ሳይጫወት የሚያልፈው አንድ ብቻ ይሆናል፤ ዛሬ በሁለተኛ ደረጃ የሚያርፈው የምድብ አሸናፊ ወደ መጀመሪያው ዙር ይወርድና ያ 22 ከመቶ የነበረው የዋንጫ ዕድሉ 13 ላይ ያርፋል። የተጫዋቾቹ ማኅበር ይህን ቁጥር በድርድር ጠረጴዛው ላይ ቢያነሣው የሚከላከለው ለውድድሩ ፍትሕ ብቻ አይደለም፤ መቶ ጊዜ ለማሸነፍ የሚገነባ ክለብ እስካለ ድረስ ነው የአባላቱ ደሞዝ የሚያድገው።